የሰባት ዓመት ውል

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
አራት ወንበር፣ አራት ማሽን፣ አራት ሰው ለደም እጥበት።
ፒትስበርግ ገና አልነቃችም፣ ወንዟ ሁሉ ጉም ለብሷል፤
ዌንደል ግን መርፌው ሳይገባ የጠዋት ጠቡን ቀስቅሷል።

«ሰባት ዓመት! ለአንድ ወርዋሪ! ለሠላሳ አራት ዓመት ሰው!
ክርኑን ሁለቴ ላሰፋ፣ ትከሻው ለሚያቃስተው!
መቶ አርባ ሚሊዮን ዶላር! ማን ፈረመ? ማን አበደ?
ትናንት የወረወረው ኳስ እኮ እያዛጋ ነው የሄደ።»

ሉቦሚር ከማዶ ወንበር ብርድ ልብሱን ገፎ ጣለ፣
«አንተ ስለ ክንድ ምን ታውቃለህ? የአውቶቡስ ሹፌር!» አለ።
«እኔ ነኝ ሠላሳ ዓመት ከቀለጠ ብረት ፊት የቆምኩ፣
ያረጀ ክንድ የሚያውቀውን በገዛ ክንዴ የተማርኩ።
ጉልበት ሲሄድ ብልሃት ይመጣል፤ ኳሱን አጥምዞ ይልካል፣
ጎረምሳው ዱላውን ሰንዝሮ የነፋስ ቁመት ይለካል።»

ለቨርኔታ ቤዝቦል እንቅልፍ ነው። የእሷ ሃይማኖት ፉትቦል፤
ስሙን ለእግር ሰጥተው ሲያበቁ በብብት ይዘው የሚሮጡበት፣
አምስት እርምጃ ሳይራመዱ አሥር ሰው የሚከመርበት።
«እናንተስ ታድላችሁ» አለች፣ «ቤዝቦል ውሉን ያከብራል፤
ወርዋሪው ክንዱ ቢወልቅ እንኳ ቤቱ ተኝቶ ብር ይቆጥራል።
የእኔ ኮከብ፣ ትራቪን ኩትስ፣ ጉልበቱ በመስከረም ቢበጠስ፣
በመጋቢት ስሙን ከሳጥኑ ላጡት፣ ምርኩዙን እንኳ ሳይመልስ።
አምስት ዓመት ብለው ነበር! ጋዜጣ ላይ፣ በትልቅ ፊደል!
ትንሿን ጽሑፍ ማን ያነባል? እሷ ናት ሰው የምትገድል።»

የዌንደል ማሽን ጮኸ። ነርሷ ማሪሶል በሩጫ መጣች፤
የደም ግፊቱን ቁጥር አይታ ጣቷን አፍንጫው ላይ ቀሰረች።
«መቶ ዘጠና! ያ ወርዋሪ አንተን ሳይገድል ዝም በል።»
«እሱ አይደለም» አለ ዌንደል፣ «ሉቦሚር ነው የሚያቃጥል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አርባ ዓመት በኢንሹራንስ ቢሮ
የሰው ዕድሜ በሠንጠረዥ ያየሁ፣ በዓምድና በመስመር ሰፍሮ።
«አንተ አስላልን፣ ጌርሃርት፤ ውሉ ሲያልቅ ስንት ይሞላዋል?»
«አርባ አንድ» አልኩ።
ቀላል መደመር ነው። ልጅ ይደምረዋል።

ግን ሰባቷ ቁጥር አልተቀመጠችም። ከወንበር ወንበር ዞረች፤
ዌንደል ጋ ሰባ ሁለትን አገኘች፣ ቨርኔታ ጋ ስድሳ ስድስትን፣
እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።
ድምሩን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም።
ማሽኖቹ ብቻ፣ ሽው… ሽው… ደማችንን እያዞሩ።

ቨርኔታ ለኩላሊት ተራ ከያዘች አራት ዓመቷ ነው።
ስልኳ ሲጮህ ሁላችንም እንደነግጣለን፤
አንዳንዴ ልጇ ናት፣ አንዳንዴ የዝውውር ወሬ።
ሉቦሚርን ግን ባለፈው ጥቅምት ከዝርዝሩ አወጡት፤
ልብህ ቀዶ ጥገናውን አይችልም አሉት፣ በደብዳቤ፣ በጥሩ ወረቀት።
አሳይቶኝ ነበር። «ለቀቁኝ» ብሎ ሳቀ፣
«ከእንግዲህ ነጻ ተጫዋች ነኝ።»

ያ ሰው ነው እንግዲህ፣ ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ፣
«ሰባት» ያለው በድጋሚ፣ ስምንት ጣቱን ዘርግቶ
(ሁለቱ ፋብሪካው ውስጥ ቀርተዋል)
አንዷን አጠፈና አሳየን።
«ሰባት ይገባዋል። ክንዱ አርጅቷል እንጂ አልሞተም።»

ዌንደል አየው። ሊጮህ አፉን ከፈተ፣
ግፊቱን አስታወሰ፣ ወይም ሌላ ነገር፤ እኔ አላውቅም።
«አምስት» አለ በቀስታ።
«ሰባት።»
«እሺ፣ ስድስት፤ ሰባተኛው በክለቡ ፈቃድ።»
«ሰባት፣ ሙሉ፣ ዋስትና ያለው።»

ማሪሶል መርፌዎቹን ነቀለች፤ ጥጥ አስያዘችን።
በየተራ ሚዛን ላይ ወጣን፤ ሁለት ኪሎ፣ ሦስት ኪሎ ውሃ ጎድሎልን።
ዌንደል ኮፍያውን አጥልቆ በሩ ጋ ቆም አለ፤
«አልጨረስንም» አለ በምርኩዙ እየጠቆመ፣
«ሐሙስ ትሰማኛለህ።»

«ሐሙስ» አለ ሉቦሚር፣ የእጁን ጥጥ ተጭኖ፣
«ሐሙስማ እመጣለሁ።»